ያላሳልኩት ሳል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ በየጾሙ መግቢያ እየሄድኩ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው ተሳደብኩ፣ በሐሰት ማልኩ እያልኩ ጥቃቅኑን ስዘረግፍላቸው፣ እሳቸውም ሲፈቱኝ ስንት ዓመት ኖርን። ትልቁን እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላወጣሁትም። ለአንተ ግን እነግርሃለሁ። ለምን ለአንተ? ስለማላውቅህ ነው። ነገ ገበያ ላይ ዓይን ለዓይን ስለማንገጣጠም ነው። ብቻ ስታነብ ከንፈርህን እንዳትመጥልኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም የምናገረው።

አናጢ ነኝ፤ ግንብም እሠራለሁ። ቆቦ ውስጥ በደርግ ጊዜ የተከፋፈለ የቀበሌ ቤት ካየህ ብዙው ላይ የእኔ እጅ አለበት። ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለው፣ ሰው «ባለ ስድስት በር» የሚለው ረጅም ቤት ድሮ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ነበር። ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስ ቀበሌው ጠራኝና ከፋፍለው አለኝ። ከፋፈልኩት። ረጅሙን ግድግዳ እየበሳሁ ስድስት በር አወጣሁለት፣ ውስጡን በእንጨትና በጭቃ ለያየሁት። ግድግዳዎቹን ግን እስከ ጣሪያ አላደረስኳቸውም። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተውኩ። የቆላ ሰው ለምን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ከቆርቆሮ ሥር ያለ ሙቀት መውጫ ካላገኘ ሰው ይቀቅላል።

በዚያ ክፍት ስድስት ቤት አንድ አየር ይተነፍስ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ፍቅር እያለ፣ አንዱን ፋኖስ ግድግዳው ጫፍ ላይ አስቀምጠን ሁለት ቤት እናበራበት ነበር። ድምፅም እንደ ብርሃኑ ያልፋል። አንዱ ቤት ሲጣሉ ሌላው ቤት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሲጸልይ እንቅልፍ እንደወሰደው ሳንጠያየቅ እናውቃለን።

እኔ የምኖረው አምስተኛው በር ነበር። አንዲት ክፍል፣ እኔ፣ ሚስቴ ተዋበች፣ አራት ልጆች። ስድስተኛው በር የእትዬ ዘሀራ ነበር። ዳር ላይ ስለሆነ ሰፊ ነው፤ ከፊት ክፍሏ ሌላ ጓዳ ነበራት። ጓዳው ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወደ ጓሮ የሚከፈት መስኮትም አለው፤ በባለ ስድስት በር ሁሉ ያለው መስኮት ያ ብቻ ነው። ያንን ጓዳ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ያንን መስኮት በገዛ እጄ ገጥሜ፣ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ከአራት ልጅ ጋር በላብ ስንቦጫረቅ እሷ ከወዲያ መስኮቷን ስትከፍት እሰማለሁ። መስኮቱ ሲንቋቋ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

አልወዳትም ነበር። እሷም አትወደኝም። ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና ጨው የምትቸረችር፣ ምላሷ የማይጣል ሴት ነበረች። እጣቢዋን በሬ ላይ ትደፋለች። ተዋበችን «ይህች ደገኛ» እያለች ትጠራታለች። እኔም በፈንታዬ ደጇ ላይ ለጥላ የጣለችው ዳስ አንድ ቋሚው ወደ በሬ አልፏል ብዬ ዳሱን ከነአገዳው አፈረስኩባት። የዚያን ቀን ከግድግዳው ወዲያ ሆና፣ «አንተ አናጢ! እጅህ ይሰበር ብዬ እንዳልራገምህ የቤቴ በር ማጠፊያ ገና አልተሠራልኝም!» አለችኝ። ልጆቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን የምነግርህ ቅድስት እንዳልነበረች እንድታውቅ ነው። ቅድስት ባትሆንስ? ያደረግኩት ነገር ያንሳል? አያንስም።

ልጇ ይመር ይባላል። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠራ ጀምሮ ያየው ሰው አልነበረም። እናቱ «ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር ወርዷል» ትል ነበር፤ ሰውም አመነ። እኔም አምኜ ነበር። አንድ ቀን በቀትር፣ ከሥራ መጥቼ መሬት ላይ ጋደም ባልኩበት፣ ከጓዳዋ ሳል ሰማሁ። የወንድ ሳል። ወዲያው እትዬ ዘሀራ ከፊት ክፍል ከፍ አድርጋ አሳለች። ልጇ ሀዋም ተከትላ አሳለች። ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ገባኝ።

ከዚያ በኋላማ ጆሮዬ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ይመር ደረቱ ደካማ ነበር። እሱ ሲያስል እናትና ልጅ ተከታትለው ያስላሉ፣ የሱን ሳል በራሳቸው ሳል ይሸፍኑታል። ሰፈሩ «የዘሀራ ቤት ጉንፋን አይለቀው» እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ብቻ አወቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ልብ በል፣ ይህን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። ጠቋሚ አይደለሁም እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው ሰው ባለመሸጡ ራሱን የሚያመሰግን?

ከዚያ ቀበሌው ቤት ለቤት ሰው ይቆጠር አለ። ሁለት ክፍል ይዞ ከሦስት ሰው በታች የሚኖር፣ አንዱን ክፍል ለተጨናነቀ ይለቃል ተባለ። ቤቱን የሚለካው እኔ፣ ሰዉንም የሚመዘግበው እኔ ሆንኩ። ሜትሬንና ቅጼን ይዤ ወጣሁ።

በዚያ ቆጠራ እንዴት እንደሠራሁ ልንገርህ። ሰው በቆጠራ ጊዜ ዘመድ ይዋዋሳል፤ የሁሉም ልማድ ነው፣ ቀበሌውም ሳያውቀው አይቀርም። ሁለተኛው በር ያለው ሰውዬ እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አሉ ብዬ ጻፍኩለት። ሦስተኛው በር ያለችው እትዬ ወርቄ ዋጃ ያለች እህቷን አስቆጠረች፤ ጻፍኩላት። እኔ ራሴ ሮቢት የምትኖረውን አማቴን አራቱ ልጆቼ መሀል አስተኝቼ ጻፍኳት። የሞተ ያስነሣሁ፣ የሌለ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። ብዕሬ ለማንም አልጨከነም ነበር።

ስድስተኛው በር ደረስኩ። እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እንድገባ አልጋበዘችኝም። ከኋላዋ የጓዳው መጋረጃ ተዘርግቷል።

«ስንት ናችሁ እትዬ ዘሀራ?»

«ሁለት። እኔና ሀዋ።»

«አስቢበት እንጂ። ሦስት ከሆናችሁ ጓዳው አይነካም።»

ይህን ስል ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር። እሷም ዓይኔን አየችው። ፊቷ ላይ ያለፈውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። እንደማውቅ ያን ጊዜ አወቀች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ አድርጋው የማታውቀውን ልመና ለመነችኝ።

«ወንድሜን ጻፍልኝ፤ ዋጃ ያለውን። ለሌላው ስታደርግ ሰምቻለሁ ወንድሜ።»

«በአካል የሌለ አይጻፍም» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አማቴን ከሮቢት ያመጣሁት ሰውዬ። ልጄ አለ ብትል ጓዳው ይቀርላታል፣ ልጇ ይወሰዳል። የለም ብትል ልጇ ይቀርላታል፣ ጓዳው ይሄዳል። ይህን አውቄ ነው መልሼ የጠየቅኋት። አንዴ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር፤ «አስቢበት» ያልኳት ስትቃጠል ለማየት ነው።

«እንግዲያው ሁለት ነን» አለች። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ክፍሉ ለማን ይሰጥ ሲባል እኔ ጨዋ መስዬ ከስብሰባው ወጣሁ። ውጭ ሆኜ ጥፍሬን ስቆረጥም ጠሩኝና ለአንተ ተወስኗል አሉኝ። አምስተኛው በር ሰባት ሰው፣ ግድግዳው ተጋሪ፣ ወጪ የሌለው። ከእኔ የተሻለ ማን ነበር?

በማግስቱ እትዬ ዘሀራ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። መጥታ አታውቅም። «እስከ ገበያው ቀን ብቻ ታገሠኝ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋትም። በገበያው ቀን መንገዱ ከግመልና ከአህያ ጋር ሰው ይሞላዋል፤ በዚያ ግርግር አንድ ጎረምሳ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ዋጃ ቢወጣ ማንም አያየውም። የጠየቀችኝ ሁለት ቀን ነበር። እኔ ግን «ትእዛዙ ነገ ይላል» አልኳት። ትእዛዙ ነገ አይልም ነበር። ቀኑን የሚወስነው አናጢው ነበር። አናጢው እኔ ነበርኩ።

ርክክቡ ጠዋት ተጀመረ። ክፍል ሲወሰድ፣ በርና መስኮት ተነቅሎ እንዳይሄድ አንድ አብዮት ጠባቂ ከነጠመንጃው በሚለቀው ሰው ቤት ይቀመጣል። የመጣው ጠባቂ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ክፉም አልነበረም። በርጩማ ስጡኝ ብሎ በእትዬ ዘሀራ ፊት ክፍል ተቀመጠና ማንቀላፋት ጀመረ። ይመር እዚያው ፊት ክፍል ከማሽላው ጎታ ጀርባ ተቀምጦ ሰሌን ተጥሎበት ነበር። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ግን ያን ጊዜም ከጎታው ሌላ መደበቂያ እንደሌላት አውቅ ነበር፤ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

እኔ ከራሴ ክፍል ሆኜ ወደ ጓዳው የሚያስገባኝን በር ለማውጣት ግድግዳውን በዶማ መናድ ጀመርኩ። ጭቃው ደርቆ ነበር። ጭዱ፣ ከመጋዘንነቱ ዘመን የቀረው የእህል ብናኝ፣ ሁሉም ተነሣ። አቧራው ወደ ላይ ወጣ፣ በዚያ እኔ በተውኩት ክፍት አለፈና ስድስቱንም ቤት ሞላ። እትዬ ወርቄ ከሦስተኛው በር «ገደላችሁን እናንተ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት። ሁሉም ቤት ያስላል። እትዬ ዘሀራ አሳለች፣ ሀዋ አሳለች፣ ጠባቂው አሳለ። ዶማዬን አሳርፌ ቆምኩ። ያን ጊዜ ከሳሉ ሁሉ መሀል አንድ ሌላ ሳል ወጣ። ታፍኖ፣ ታፍኖ፣ ያመለጠ። ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ።

ጠባቂው ማሳሉን ተወ። «ማነው?» አለ።

«አናጢው ነው» አለች እትዬ ዘሀራ። ድምጿ ምንም አልተናወጠም። «ከግድግዳው ወዲያ ነው። አቧራው በላው እኮ ወላሂ።»

«ጓድ!» ብሎ ጠራኝ ጠባቂው። «አንተ ነህ?»

እዚህ ላይ ቁምልኝ። እዚህ ላይ እንድትቆም ነው ይህን ሁሉ የደረደርኩልህ። ጠላቴ፣ ዳሷን ያፈረስኩባት፣ ብዕሬን የነፈግኋት ሴት፣ በዚያች ሰዓት የልጇን ነፍስ በእኔ ጉሮሮ ላይ አስቀመጠችው። «አዎ» ማለት ይበቃ ነበር። ከዚያም ያነሰ ይበቃ ነበር፤ ማሳል ብቻ። መዋሸት እንኳ አይጠይቅም፤ ጉሮሮዬ አቧራ ሞልቶት ነበር። ይከረክረኛል፣ ይቆጠቁጠኛል፣ ሊያስለኝ ይተናነቀኛል። እኔ ግን አላሳልኩም። አፌን በክንዴ ደፍኜ፣ እንባዬ በጉንጬ እስኪወርድ ድረስ ያዝኩት። በድንጋጤ ደርቄ ቀረሁ እንድልህ ትፈልጋለህ? የደነገጠ ሰው ያስላል። ሳል ለመያዝ አቅም ይጠይቃል፣ ማሰብ ይጠይቃል። እኔ አስቤ ነው ያላሳልኩት።

ምን አሰብኩ? ነገ ምሕረት ቢታወጅ፣ ወይም ይመር በሆነ መንገድ ወረቀት ቢያገኝ፣ እትዬ ዘሀራ ቀበሌ ሄዳ «ሦስት ነን፣ ጓዳዬን መልሱ» ትላለች ብዬ አሰብኩ። ይመር ከሄደ ግን የጻፍኩት ቁጥር እውነት ይሆናል። ይህ ነው ያሰብኩት። ለአንዲት ጓዳ። ለአንድ መስኮት።

ጠባቂው አንዴ ደግሞ ጠራኝ። ክንዴን ከአፌ አላነሣሁም። በርጩማው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ሰሌኑ ሲገፈፍ ሰማሁ። ሀዋ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። የእትዬ ዘሀራን ድምፅ ግን አልሰማሁም።

በዚያው ቀን ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። እናትና እህት ከመኪናው ኋላ እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ሮጡ አሉ። እኔ አላየሁም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። በሬን አወጣሁ፣ የእሷን የጓዳ በር በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩ፣ ተዋበች ክፍሉን ጠረገች፣ ልጆቼ መስኮቱ ሥር ለመተኛት ተጣሉ። የፊት ክፍሏ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፋስ የማይገባው ምድጃ ሆነ። ከይመር ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም።

ባለ ስድስት በር ጠቋሚ ፈለገ። አገኘም፤ እትዬ ወርቄን። ወሬ ስለምትወድ ነው። የዚያን ቀን የጮኸችው ለጠባቂው ምልክት ለመስጠት ነው ተባለ። ሰላምታ ነሷት፣ እሳት ከለከሏት፣ ስትታመም የጠየቃት አልነበረም። «ኧረ በልጄ ሞት፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም» እያለች በየበሩ ማለች፤ በእኔም በር መጥታ ማለች። እኔ ምን አልኩ? «አምላክ ያውቃል እትዬ ወርቄ» አልኳት። በመጨረሻ ዕቃዋን ጭና ወደ ዋጃ ወደ እህቷ ሄደች። የተሰበረ ሳጥኗን ያጠበቅኩላት እኔ ነኝ። አመሰገነችኝ። ከሁሉም አንተ ነህ ሰው አለችኝ። እሷ ወሬ ትወድ ነበር እንጂ ሰው አልሸጠችም። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ከግድግዳው ወዲያ ከዚያ በኋላ የሚያስል አልነበረም። ሙሉ ቀን ዝም ነው። እትዬ ዘሀራ አታለቅስም፣ አትራገምም፣ እጣቢዋን እንኳ ራቅ አድርጋ ትደፋለች። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ያንን ዝምታ መቻል አቃተኝ። በጓዳውና በፊት ክፍሏ መሀል ያለውን ግድግዳ እስከ ጣሪያ ላደርሰው ወሰንኩ። ተዋበች በሙቀት ልታነድደን ነው ወይ አለችኝ፤ አፍሽን ዝጊ አልኳት። ድንጋይ በድንጋይ እየደረብኩ ክፍቱን ከዳር እስከ ዳር ዘጋሁት። የአንድ ድንጋይ ቦታ ሲቀረኝ፣ ቀን ነበር፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላዋለች፣ ከወዲያ ከሥር ድምጿን ሰማሁ።

«አንተ አናጢ።»

ድንጋዩን አነሣሁ።

«የዚያን ቀን ጉሮሮህን ምን ያዘው?»

መሰላሉ ላይ ቆሜ፣ ድንጋዩን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ጩኸትም ቁጣም በሌለው ድምፅ፣ «አፉ አልልህም። እዚህም አልልህም፣ አኺራም አልልህም» አለችኝ። ድንጋዩን አስገባሁና ጭቃ መረግሁበት።

የእኔን አይተው ሌሎቹም ግድግዳቸውን አስጨመሩኝ። አንድ በአንድ ሁሉንም እስከ ጣሪያ ዘጋሁላቸው። ኋላ ኮርኒስ መጣ፣ በየቤቱ የብረት መስኮት መጣ፣ በረንዳው ታጥሮ ወጥ ቤት ሆነ። ዛሬ ባለ ስድስት በርን የሚያይ ሰው ድሮ አንድ መጋዘን እንደነበር አያውቅም። ሠለጠኑ፣ እያንዳንዱ ገመናውን ሸፈነ ይላሉ። እኔ ያንን ክፍት ለምን እንደዘጋሁት አንተ አሁን ታውቃለህ።

እትዬ ዘሀራ ደርግ ሳይወድቅ ሞተች። ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከቀባሪዎቹ ማንም ለምን መጣህ አላለኝም። ይህም ሌላ ድፍረት ነው። ሀዋ ባል አግብታ ወጣች፣ ቤቱን ቀበሌው ለሌላ ሰው ሰጠው።

ከአንተ ይቅርታ አልጠይቅም። አንተ ምን አገባህ? ዘሀራ አፉ አልልህም ብላኛለች፤ ልክ ናት። ነፍስ አባቴ ጋ ብሄድ ይፈቱኛል፤ ለዚያ ነው የማልሄደው። ሊፈታኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ የት እንደወደቀ አላውቅም። ዘመኑ ከባድ ነበር አልልህም፤ በዚያው ዘመን የሞቱ እናት ጽፌ ሰው ጠቅሜበታለሁ። ልጆቼ ብዙ ነበሩ አልልህም፤ ልጆቼ አድገው ተበተኑ፣ ተዋበችም ሞተች፣ ጓዳው ውስጥ አሁን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አልመለስኩትም። ልመልስ ብዬም አላውቅም። አልጋዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ፣ ደህና ነፋስ እየነፈሰኝ እተኛለሁ።